ስድስት ምስማር

ካሮልተን፣ ቴክሳስ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ ጋሼ ከፍያለው፣

እንደምን ከረሙ? የጣርማ በር ነፋስ ባርኔጣዎን ሳይነጥቅዎት ክረምቱ እንደሚገባ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም፣ ባለቤቴ ታዲዮስም፣ ልጃችን ሀሴትም ደህና ነን፤ አምላክ ይመስገን። ስልክ ብደውል ጆሮዎ እንደማይሰማልኝ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ቆርቆሮ የተመታበት ጆሮ ምን ያድርግ! ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ለሰብለወርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት እልካለሁ፤ እሷ አትማ ትሰጥዎታለች። እርስዎም መልሱን በዚያው ይላኩልኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎት በደስታ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነና (እውነቴን ነው፣ አረንጓዴ) እንቁላል እንቁላል የሚያክል በረዶ ወረደብን። ሃያ ደቂቃ ጠረጴዛ ሥር ነበርን። ሲያባራ ግቢው ውስጥ የጣሪያችን ፍርስራሽ ተበትኗል፤ ኮርኒሱ ላይ የድስት ክዳን የሚያክል እርጥበት ወጥቷል። እዚህ አገር ግን ቤት ያለው ሰው ኢንሹራንስ አለው፤ በረዶ ያበላሸውን ጣሪያ እነሱ ያስቀይራሉ። መጀመሪያ ግን ሰው ልከው ጉዳቱን ያያሉ።

ሰው ይመጣል ከተባለ እንግዲህ ዝም አይባልም። ሦስት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ከጣሪያው ረግፎ አሸንዳው ውስጥ የሞላውን ጥቁር አሸዋ ጠርጌ ጣልኩ። ግቢውን ለቀምኩ። የተቀደዱትን የመስኮት ወንፊቶች ቀየርኩ። ታዲዮስ ጣሪያው ላይ የተገነጠሉትን የሬንጅ ወረቀት ቅጠሎች በማጣበቂያ መልሶ ለጠፋቸው፤ ኮርኒሱን ደግሞ እኔ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ሰውዬው ሲመጣ ቤቱ ሙሽራ መስሏል። ሳምቡሳ አቀረብኩለት፤ አመስግኖ ውሃ ብቻ ጠጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ አንገቱን አሻግሮ አየና ወረደ። «ቤትሽ በጣም ያምራል፤ በደንብ ነው የያዝሽው» አለኝ።

ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሌክ ሃይላንድስ አፓርታማ ውስጥ ሰው ከላዬ ሲረማመድብኝ ነው የኖርኩት። በራሴ ጣሪያ ሥር ማደር ከጀመርኩ ገና አራት ዓመቴ ነው። ፈረንጅ ቤቴን ሲያመሰግንልኝ ደስታዬን አልችለው አልኩ። አሁን መልሱን እየጠበቅን ነው።

እርስዎስ? ዘንድሮ የማንን ቤት እየከደኑ ነው? ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎችዎ ስለ ሥራ አንዲት ቃል አልነገሩኝም።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ትርንጎ


ደብረ ሲና
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፣

ከነቤተሰብሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሀሴትን ስሚልኝ። ያደረሰሽ አምላክ አሁንም ከበረዶም ከነፋስም ይሰውራችሁ።

ደብዳቤሽን እዚያው ሰብለወርቅ ሱቅ ቆሜ አነበብኩት። ስጨርስ «ወይ ጉድ!» ብዬ ጮኽኩ መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የደንቆሮ ነገር፣ የራሱን ድምፅ አያውቀውም።

አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ቁስለኛ አጥበሽ፣ ቅባት ቀብተሽ፣ ነጠላ አልብሰሽ ነው ወይ ለሐኪም «እስቲ እይልኝ» የምትዪው? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? ሰውዬው የመጣው ባለሙያነትሽን ሊያይ አይደለም፣ ጉዳትሽን ሊያይ ነው! «ቤትሽ ያምራል» ያለሽ ጊዜ ደንገጥ ማለት ነበረብሽ።

ግን ከየት አመጣሽው እላለሁ? ከእናትሽ ነው። አባትሽና እኔ የወንድማማች ልጆች ብንሆንም እናትሽ እንደ እንግዳ ነበር የምታየኝ። አንድ ክረምት ቤታችን ያፈሳል ብላ አስጠራችኝ። ስደርስ ወለሉን አድርቃ፣ ድስቶቹን ከሚንጠባጠብበት አንስታ፣ ግድግዳውን ለቅልቃ፣ ምሳ አሰናድታ ጠበቀችኝ። ቆርቆሮውን ብዳስስ፣ ባንኳኳ ቀዳዳው ከየት ይምጣ? ምሳዬን በልቼ ዝናብ እስኪመጣ ቁጭ አልኩ። ከሰዓት በኋላ መጣና አናቴ ላይ ጠብ ሲል ነው ያገኘሁት።

የአንቺው ሰው ግን ዝናብ የሚጠብቅ አይመስለኝም። ልቤ አልወደደውም። መልሱ እንደመጣ ሳትውዪ ሳታድሪ ጻፊልኝ። ደግሞ ጣሪያሽ ሬንጅ የጠጣ ወረቀት ነው ያልሽኝን እስካሁን አላመንኩም። አሜሪካን የሚያህል አገር ቤቱን በወረቀት ይከድናል?

ስለ ሥራ ጠይቀሽኛል። ዝናቡ ገና ነው። ሲገባ እናያለን።

ከፍያለው


ካሮልተን
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ከፍያለው፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ከልብ ነው፤ ዛሬ ግን ላሳጥረው።

አፍዎ ይባረክ አልልም፤ ያሉት ሁሉ ደረሰ። የድርጅቱ መልስ መጣ። «ቤቱ በጥሩ ይዞታ ላይ ይገኛል፤ የበረዶ ጉዳት አልተገኘም» ይላል። ሳነበው መጀመሪያ ያመሰገኑኝ መስሎኝ ነበር። ሀሴት ናት ያስረዳችኝ።

«ማሚ፣ ለምንድነው ክሊን ያደረግሽው? ኤቪደንስ ነበር እኮ!»

«እንግዳ ነዋ የሚመጣው!»

«ማለቴ፣ ጌስት አይደለም። አጀስተር ነው።» አጀስተር የሚሉት የኢንሹራንሱን ጉዳት ገማች ነው።

ታዲዮስ ደግሞ ራሱን ይዞ፣ «ሶ፣ እኔም ማጣበቂያ በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ ፊክስ አድርጌላቸዋለሁ!» አለ። ልስቅ አልኩና አለቀስኩ።

ጋሼ፣ ነገሩ ከጣሪያ አልፏል። ጣሪያችን አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ድርጅቱ በዚያው ደብዳቤ «እስከ መስከረም ካልተቀየረ ውላችንን አናድስም» ብሎናል። ኢንሹራንስ የሌለውን ቤት ደግሞ ያበደረን ባንክ አይታገሥም። በራሳችን እንቀይር ብንል ታዲዮስ በሚነዳው፣ እኔ ኤርፖርት ዊልቸር በምገፋው የሚቻል አይደለም። በአጭሩ ቤቴ ሊሄድብኝ ነው። ያውም በገዛ መጥረጊያዬ።

ጎረቤታችን ሚስ ሊንዳ አንዲት ቅጠል እንኳ ሳታነሳ፣ ግቢዋ ተዝረክርኮ ነበር አጀስተሩን የጠበቀችው። ትናንት አዲስ ጣሪያ ተመታላት። በመስኮት እያየሁ ቀናሁ፤ አልዋሽዎትም።

አንድ ጊዜ ብቻ «እንደገና እዩልኝ» ማለት ይፈቀዳል። ግን አዲስ ማስረጃ አምጪ ይላሉ። ማስረጃውን እኔው ጠርጌ፣ እኔው ቀለም ቀብቼበት፣ ምን ይዤ ልቅረብ? እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጣሪያ ላይ ነው የኖሩት። ምን ላድርግ?

ትርንጎ


ደብረ ሲና
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፣

ያዘነ ልብሽን ፈጣሪ ያረጋጋው። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው።

በመጀመሪያ እንባሽን ጥረጊ። ከዚያ ሌላ ምንም እንዳትጠርጊ!

አሁን ስሚኝ። ያጠብሽው ላዩን ነው። ጣሪያሽ ወረቀት ይሁን፤ ወረቀት ይረሳል። ግን እዚያ ላይ ብረት የሚባል ነገር አይጠፋም። የጭስ መውጫው ክዳን አለ፤ ቤቱን ስትገዙ በላክሽልኝ ፎቶ ላይ አሮጌ ባርኔጣ የሚመስሉ የአየር ማስወጫ ቆርቆሮዎች አይቻለሁ፤ አሸንዳሽም ብረት ነው። ብረት የተመታውን አይረሳም። ዓይን አያየውም፣ ፀሐይ ከላይ ስትሆን ደግሞ ጭራሽ አይታይም። እጅ ግን ያገኘዋል።

አንድ ነጋዴ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሸጦ፣ መኪና ላይ የተቀጠቀጠውን በአዲስ ቀለም አሳምሮ አመጣልን። አዲስ ነው ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። እኔ ከሰል አነሳሁ። ከሰሉን በጫፉ ሳይሆን በጎኑ አስተኝቼ፣ ሳልጫን፣ እንደማሻሸት እያደረግኩ ሙሉውን አስኬድኩት። ደህናው ቦታ ጠቆረ፤ የተሰረጎደው ከሰሉ ስለማይነካው ነጭ ሆኖ ቀረ። ቆርቆሮው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ። ነጋዴው ጭኖ መለሰው።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ብረቱ ጥቁር ከሆነ ጠመኔ ይሁን። በጎኑ አስተኚው፤ ካቆምሽው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና ያበላሽብሻል። እያንዳንዱን ብረት ፎቶ አንሺ።

ሁለተኛ። አሸንዳውን ጠርገሻል፤ ቁልቁል የሚወርደውን ቱቦ ግን ጠርገሻል? ሰው አይጠርገውም፤ ሃምሳ ቤት ከድኜ አንድ የጠረገ አላጋጠመኝም። ፍቺና እዪው። ከጣሪያሽ የረገፈው አሸዋ እዚያ ተኝቶ ይጠብቅሻል።

ሦስተኛ፣ ልመና አለኝ። ብር አይደለም። ሚስ ሊንዳ ለተባለችው ከተረፋት፣ ከዚያ ከወረቀት ጣሪያ ሁለት ቅጠል ሰው ሲመጣ ላኪልኝ። በእጄ ካልያዝኩት ስለማላውቀው ነገር እየመከርኩሽ ነው፤ ይኼ ደግሞ ሥራ አይደለም።

ከፍያለው


ካሮልተን
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼዬ ለከፍያለው፣

እጅዎ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንዎ አይፍዘዝ፣ ምላስዎ አይለዝብ! ልቤ ስለሞላ ምርቃቱን አስቀደምኩ።

ታዲዮስ ማጣበቂያ ሊለጥፍ የወጣ ዕለት መሰላሉ ከድቶት ነበርና ከዚያ ወዲህ ይፈራል፤ ስለዚህ እኔው ወጣሁ። ሀሴት ከታች «ማሚ፣ ፕሊዝ ስሎው!» እያለች በስልኳ ትቀርጸኛለች። ሰማያዊ ጠመኔዬን በጎኑ አስተኝቼ የመጀመሪያውን ባርኔጣ አሻሸሁት። ጋሼ፣ እዚያ ምንም ያልነበረበት ብረት ላይ ክብ ክብ ሆኖ ወጣ! አንዱ ክዳን ላይ ብቻ አሥራ ሰባት። ጮኽኩ። ታዲዮስ ወደቀች ብሎ ከቤት በካልሲ ሮጦ ወጣ። ቱቦውን ስንፈታው ደግሞ ጥቁር አሸዋው እንደ ጤፍ ተንፎለፎለ፤ አንድ ባልዲ ሞላን።

ፎቶዎቹን ልከን «እንደገና እዩልን» አልን። ባለፈው ረቡዕ ሌላ አጀስተር መጣች፣ ሴት ናት። ይኼን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎ? ምንም። ኮርኒሱን ቀለሙን ፍቄ እርጥበቱን አወጣሁት። ግቢውን አልነካሁም። ውሃ እንኳ አላቀረብኩላትም! በዚህ ሙቀት ሰው ደጄ ቆሞ እያላበው ጠጪ አላልኩም። የሞት ሞት ነው የሞትኩት። ሀሴት እጄን ይዛኝ ነበር።

ሴትየዋ ሰማያዊዎቹን ክቦች ስታይ ቆም አለች። ከዚያ ከራሷ ቦርሳ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? ጠመኔ! ያላሻሸሁትን አንዱን መርጣ ራሷ አሻሸችው፤ በጎኑ አስተኝታ። ያው ሆነ። ዞር ብላ፣ «ይኼን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

«አጎቴ።»

«አጀስተር ነው?»

«ከአጀስተር ይበልጣል» አልኩ። ሳቀች። ከዚያ የጣሪያውን ወረቀት በየቦታው ተንበርክካ እየዳሰሰች አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየች። መልሱን በሦስት ሳምንት እንሰጣለን ብላ ሄደች። እንግዲህ ጸልዩልኝ።

ያሉኝን ሁለት ቅጠል ከሚስ ሊንዳ ጋራዥ ለምኛለሁ። ዘርትሁን የሚባል ዴንተን የሚኖር ልጅ እናቱን ሊጠይቅ ወደዚያው ስለሚመጣ ያደርስልዎታል።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ፤ አይቆጡኝ። ሰብለወርቅ ከደብዳቤዎ ፎቶ ሥር፣ «ስለዘገየ ይቅርታ፤ ጋሼ ዳገቱን በምርኩዝ ስለሚወጡት የሚመጡት ቅዳሜ ብቻ ነው» ብላ ጽፋልኛለች። የምን ምርኩዝ? ጥር ላይ «እግሬ እንደ ፍየል ነው» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ዝናቡስ ገና ነው ብለው፣ ይኸው ሐምሌ ገባ። የማንን ቤት እየከደኑ ነው?

ትርንጎ


ደብረ ሲና
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰብለወርቅን ተቀየምኳት፣ ከዚያ ታረቅኳት።

ያ አንቺን የሰደብኩበት ተረት ዞሮ ራሴኑ ያዘኝ። ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከጤና ጣቢያው ጣሪያ ወደቅሁ። እርጥብ ነበር፤ አትውጣ ብለውኝ ነበር። የግራ ዳሌዬ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ መሰላል አልረገጥኩም። አገሩ ቤት ሲሠራና ሲከድን እኔ ወንበሬን በር ላይ አውጥቼ የሰው መዶሻ አያለሁ። አልሰማውም፣ አየዋለሁ። የሠራኋቸው ቤቶች ሲታደሱ እንኳ አንድ ሰው መጥቶ «ይኼ እንዴት ነበር?» አይለኝም። አንቺ በየደብዳቤሽ «የማንን ቤት እየከደኑ ነው» ስትዪኝ፣ የማንንም ብዬ መጻፍ አፈርኩ። ይኸው ነው። ስለ ጣሪያ ጠይቆኝ የጻፈልኝ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ አንቺ ብቻ ነሽ። ሰኔ ላይ «ምን ላድርግ?» የሚለውን ቃልሽን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

በቃ፤ ወደ ሥራችን እንመለስ።

ዘርትሁን አደረሰልኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ያንን ወረቀትሽን ሳየው ስቄ ነበር፤ አሁን አልስቅም። አጠፍኩት፣ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፣ ምድጃ አጠገብ አቆየሁት፤ ጎበዝ ነገር ነው። ጠላቱ በረዶ ብቻ አይደለም፣ ነፋስ ነው። ነፋስ ከሥር ገብቶ ካነሳው አለቀ። ስለዚህ ፈተንኩት። የዶሮ ቤቴ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመጣበት ነው። አንዱን ቅጠል በአራት ምስማር፣ አንዱን በስድስት ምስማር መታሁት። ዶሮ ቤቱ ቁመቱ እስከ ደረቴ ስለሆነ መሰላል አያስፈልግም። መዶሻ ሳልይዝ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እጄ አልረሳም።

በሦስተኛው ቀን ባለ አራቱ ጠርዙ ተነሳ። በስምንተኛው ቀን ከነምስማሩ በርሮ የጎረቤት ጎመን ላይ አረፈ። ባለ ስድስቱ ግን ይኸው ዛሬም አለ። ዶሮዎቼም ተስማምተውበታል።

ስለዚህ ጣሪያሽ የተፈቀደልሽ ዕለት የሚመታውን ሰው ስንት ምስማር ብለሽ ጠይቂ። አራት ካለሽ እምቢ በዪ። ስድስት! ደግሞ ቅጠሉ ላይ መስመር የተሰመረበት ቦታ አለ፤ ምስማሩ እሱ ላይ ይረፍ፤ ከፍ ካለ ከሥሩ ያለውን ቅጠል አይዝም። ቁሚና ቁጠሪ። አታፍሪ።

ሸክሜን ያራገፍኩብሽ አጎትሽ፣
ከፍያለው


ካሮልተን
መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼዬ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት! ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዎን መሸከምዎ አሳዝኖኛል፣ አናዶኛልም። ደብዳቤዎን አንብቤ ኤርፖርቱ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ለምን እንደሆነ አሁን ያዩታል።

ፈቀዱልኝ! ጣሪያው በሙሉ! ዜናው የመጣ ዕለት ታዲዮስ መኪናውን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጎ ጮኸ፤ የጫነው ሰው ደንግጦ ነበር።

ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት ዘጠኝ ሠራተኞች መጡ። አለቃቸው ሄክተር ይባላል። ደብዳቤዎን ይዤ ወረድኩ።

«ስንት ምስማር ነው የምትመቱት?» አልኩት።

«አራት። እዚህ አካባቢ ደንቡ አራት ነው» አለኝ።

«አጎቴ ስድስት ብሏል።»

«አጎትሽ የጣሪያ ሠራተኛ ነው?»

«አርባ ዓመት።»

«የት? ባሕር ዳርቻ?»

«ባሕር የለውም፣ ነፋስ ግን አለው» ብዬ የዶሮ ቤቱን ታሪክ ነገርኩት። ሰውዬው መሳቅ ጀምሮ ተወው። አሥር ዓመት ቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ማዕበል በየዓመቱ ጣሪያ በሚነቅልበት አገር ሠርቷል ለካ። «እዚያ ሁላችንም ስድስት ነበር የምንመታው። እዚህ ስመጣ ጊዜ አታባክን አሉኝ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ በስፓኒሽ «ሴይስ!» ብሎ ጮኸ፤ ስድስት ማለት ነው። ላይ ያሉት ሁሉ «ሴይስ! ሴይስ!» እያሉ ተቀባበሉት። ጋሼ፣ ያንን ቢያዩልኝ! የእርስዎ ቃል ካሮልተን ጣሪያ ላይ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ!

ቆምኩና ቆጠርኩ። ሲደክመኝ ሀሴት ቆጠረች።

እና ሠራተኞቹ እንግዳ ናቸውና አሁን ማንም አልከለከለኝም። ከሌክ ሃይላንድስ የድሮ ጎረቤቶቼ ሮማነወርቅና ሳሮን መጡልኝ፤ ፍልሰታ ስለነበር ሽሮ፣ አልጫ፣ ጎመን፣ ድፍን ምስር ሠራን። ዘጠኙም ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው በሉ። ሄክተር ሚጥሚጣ ጨምሪ እያለ አስቸገረኝ። በሐምሌ የተዋጠብኝ መስተንግዶ ያን ቀን ወጣልኝ። ሲመሽ ጣሪያው አልቆ ነበር።

ውላችንንም አደሱልን። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

ግን ዋናው ይኼ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን እዚህ ብርቱ ነፋስ ተነሳ። አጥር ጣለ፣ የትራፊክ መብራት ገነጠለ። ጠዋት ወጥቼ ሠፈሩን ዞርኩ። የሚስ ሊንዳ አዲስ ጣሪያ ከጫፉ ሰባት ቅጠል ጥሏል፤ የእሷን የመቱት ሰዎች አራት ነበር የመቱት። ከማዶ ያለው ቤትም ጥሏል። የእኛን ግቢ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈተሽኩት። አንድም! አንዲት ቅጠል የለችም!

እልል አልኩ። ሀሴት «ማሚ! ኔበርስ!» አለችኝ። ይስሙ አልኳት፤ ሁለተኛ እልል አልኩ። ሚስ ሊንዳ ወጥታ ምን ሆነሽ ስትለኝ፣ «ጣሪያዬ ደህና ነው!» አልኳት። አቀፈችኝ። የእሷን ጠጋኞች ስትጠራ ስንት ምስማር እንደምትል ነግሬያታለሁ።

ቤቴ ቤቴ ሆኖ ቀረ። በእርስዎ ነው።

ጉልበትዎን፣ በተለይ የግራውን እየሳምኩ፣
ትርንጎ


ደብረ ሲና
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፣

ለአንቺ፣ ለታዲዮስና ለሀሴት፣ ጥሩ ምስማር መትቶ ላሳረፋችሁ ለሄክተርም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስ። ደስ ብሎኛል፤ ምን ያህል እንደሆነ መጻፍ አልችልም።

መልስ ያዘገየሁት በሥራ ምክንያት ነው። አዎ፣ በሥራ! ልንገርሽ።

ያቺ ሰብለወርቅ ደብዳቤሽን አትማ ብቻ አልተወችም፤ ሱቋ ለገባው ሁሉ አንብባለች። ገበያው በሙሉ ስለ ጠመኔሽና ስለ ዶሮ ቤቴ ያወራል። በመስከረም አጋማሽ ደግሞ የእኛው ነፋስ ተነስቶ የትምህርት ቤቱን አራት ክፍል ጣሪያ ገልብጦ ሜዳ ላይ ጣለው። ሰው አልተጎዳም፣ እሑድ ነበር። በማግስቱ ርዕሰ መምህሯ መሰረት ደጄ መጣች። ለኔ እንዲሰማ ጆሮዬ ሥር ጮኻ፣ «ጋሼ፣ ደብረ ሲና ተቀምጠው አሜሪካ ላይ ጣሪያ ካስመቱ፣ የኛማ እንዴት ይቅር?» አለችኝ።

መሰላል እንደማልወጣ ነገርኳት።

«እርስዎ አይወጡም። ወንበር እናወጣለን» አለች።

አወጡ። ሜዳው መካከል ወንበር አኑረው አስቀመጡኝ። ስምንት ሠራተኛ፣ ሦስት ዓመት በደጄ እያለፉ ራሳቸውን ብቻ ነቅነቅ የሚያደርጉልኝ፣ ጣሪያው ላይ ናቸው። እኔ በምርኩዜ አመለክታለሁ። መዶሻው ባይሰማኝም እጃቸውን አያለሁ፤ ማን በሰነፍ እጅ እንደሚመታ ከሩቅ አውቃለሁ። አንዱ ቆርቆሮውን ሳያደራርብ ሲመታ ምርኩዜን አነሳሁ፤ ነቅሎ እንደገና መታ። በነፋሱ በኩል ያለውን ጠርዝ ምስማር አስጨመርኩ። አጉረመረሙ። «አሜሪካ እንኳ ጨምሯል!» አለቻቸው መሰረት፣ ኋላ ጆሮዬ ሥር እንደነገረችኝ፤ መዶሻቸውን አነሱ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አለቀ። ልጆቹ ሲገቡ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ አየሁ። በጣም አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም፣ መደበቅ ትተናል። ትናንት ደግሞ የጤና ጣቢያው ሰዎች መጥተው «የእኛንም ይዩልን» አሉኝ። ያንን የጣለኝን ጣሪያ! እሺ አልኳቸው።

ግንቦት ላይ «ዘንድሮ የማንን ቤት እየከደኑ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ ዝናቡ ገና ነው ብዬ ሸንግዬሽ ነበር። አሁን እመልስልሻለሁ። ዘንድሮ ሁለት ጣሪያ ከድኛለሁ። አንዱ ደብረ ሲና ነው፣ አንዱ ካሮልተን።

ቆርቆሮ መቺው አጎትሽ፣
ከፍያለው